ከድልድዩ በፊት የቆመው ባቡር

አቶ ገብረኪዳንን ሞተው ያገኘቻቸው ታናሽ እህታቸው በላይነሽ ናት። ጠዋት ቁርስ ይዛላቸው ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ስትገባ፣ ሽማግሌው በሥራ ክፍላቸው ውስጥ ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል። ጩኸቷን ሰምቶ መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤት አይደለም፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። በዚያ በሰባ ዓመተ ምህረት ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ በሩን መቀርቀር ለምዶ ነበር።

መቶ አለቃ ዘገዬ ከረዳቱ ከአስር አለቃ ገመዳ ጋር ሲመጣ ፀሐይ ወጥታለች። ዘገዬ የወንጀል ምርመራ መኮንን ነው። «ሰሞኑን ሥራ ቀሎልሃል» እያሉ የሚያሾፉበት ባልደረቦች ነበሩት፤ እውነታቸውን ነው። መንገድ ዳር አድሮ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት ሬሳ የእርሱ ጉዳይ አይደለም፤ ገዳዩ ራሱ ጽፎበታል። የዘገዬ ድርሻ ወረቀት የሌለው ሬሳ ነው። እንዲህ ያለው ሲገኝ፣ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ ደስ ይለው ነበር። ቢያንስ «ማን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀድለታል።

የክፍሉን ግማሽ የያዘው ትልቅ ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው የባቡር መንገድ በትንሹ ተሠርቷል፤ ከሽቦ የተዘረጋ ሃዲድ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጡ ጣቢያዎች፣ በጋዜጣና በኖራ የተለሰኑ ኮረብታዎች። መሐል ላይ አንድ ገደል አለ፤ በገደሉ ላይ ጥፍር በሚያክሉ ብረቶች የተጋጠመ ድልድይ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ፉርጎ የሚጎትቱት ሎኮሞቲቮች በመደርደሪያ ተሰልፈው ያብረቀርቃሉ። ዘገዬ ሬሳውን ትቶ እነርሱን ማየት አማረው።

«ምንም አልተነካም፣ ጌታዬ» አለ ገመዳ። «ሳጥናቸው እንደተቆለፈ ነው። ሰዓታቸውም እጃቸው ላይ አለ።»

ቁስሉ ከማጅራታቸው በላይ ነው። የሞርሳው ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል። ሰው ገፍቷቸው በጀርባቸው ወድቀዋል ማለት ነው። ዘገዬ የተጨበጠ ቀኝ እጃቸውን ሲያላቅቅ ትንሽ የናስ ቁልፍ ወጣች።

«ባቡሮቹን የሚያስኬዳቸው በዚያች ነው» አለች በላይነሽ ከበሩ ላይ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። «ጋሼ ከአሮጌ ሰዓት ሞላ እያወጣ ሆዳቸው ውስጥ ይከትላቸዋል። በቁልፏ ይጠመዝዝና ይለቃቸዋል። እስኪደክማቸው ይሄዳሉ።»

ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሎኮሞቲቭ ብቻ ሃዲድ ላይ ነበረች። አረንጓዴ ናፍጣ ባቡር ናት፤ ቁልቁለቱን ጨርሳ ከድልድዩ አፍ ላይ ቆማለች። ቀለሟ ገና ይሸታል። ግንባሯ ላይ እርጥቡን ቀለም ሁለት ጣት ዳጦት አልፏል። መስኮቷ ላይ ከእርሳስ የተቀረጸ ትንሽ ሰው ክንዱን ወደ ውጭ አውጥቶ ተቀምጧል። መደርደሪያው ላይ ካሉት አንዷም ሰው አልነበረባትም።

ዘገዬ ጎንበስ ሲል ከፊተኛው ጎማ ሥር የተሸጎጠ ነገር አየ። ጣት ጫፍ የማይሞላ እንጨት ነው። አንደኛው ጫፉ ታኝኮ እንደ ቡሩሽ ተበትኗል፤ ከመፋቂያ የተሰበረ ነው። ነቀለው።

ሎኮሞቲቯ ተንቀሳቀሰች። ገመዳ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ፣ በላይነሽ «በስመ አብ!» አለች። ባቡሯ ጥርሷን እያንቀጫቀጨች ድልድዩ ላይ ወጣች፣ ተሻገረች፣ ማዶ ካለው ጣቢያ ገብታ ሞላዋ አለቀና ቆመች።

ዘገዬ እንጨቱን በመዳፉ እንደያዘ ቀረ። ሽማግሌው ጠምዝዘው ለቀዋታል፤ ቁልፉ ገና እጃቸው ውስጥ ነበር። እርሳቸው ሲወድቁ እሷ ትሄድ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው፣ ከተዘረጋ ሬሳ አጠገብ ቆሞ፣ ይችን መጫወቻ በእጁ አስቁሞ ሽብልቅ አደረገላት። ዘገዬ ብዙ ገዳይ አይቷል። እንዲህ ያለውን አላየም።

«አትድከም፣ ጓድ መቶ አለቃ። ገዳዩ ተይዟል።»

የገባው የአብዮት ጥበቃው መሪ ጓድ አስፋው ነው። ከአብዮቱ በፊት ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ይቆርጥ ነበር፤ ዛሬም ሰው ሲያይ መሐል ላይ ሊቀድደው የሚያስብ ይመስላል።

«ራህመቶ ይባላል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ጠዋት አውቶቡስ ተራ ያዝነው። ከረጢቱ ውስጥ ምን ተገኘ? ከእነዚህ አንዷ ባቡር።» ጠረጴዛውን በጠመንጃው አፈሙዝ አመለከተ። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው ብለሃል? ካርታ ነው። ጠላት ድልድያችንን የሚያፈርሰው ይሄን እያጠና ነው። ባለፈው ሳምንት ፈትሸን ሽማግሌውን አስጠንቅቀናቸው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ጓድ።»

«ይሄ እኮ መጫወቻ ነው።»

«ጢም ያለው ሰው ይጫወታል?» አለ አስፋው። 

* * *

ራህመቶ በፖሊስ ጣቢያው እስር ቤት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አርባን ያለፈ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ የማሽን ዘይት የጠጡ ሰው ነው። ዘገዬ መጀመሪያ ያየው ጣቶቹን ነው። አረንጓዴ ነገር የለባቸውም። አስፋው ይህ በኋላ ሲነገረው «ታጥቦ ይሆናላ» አለ።

«ጋሽ ገብረኪዳን ሞቱ የሚሉት እውነት ነው?» አለ ራህመቶ።

«እውነት ነው።»

ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

«ባቡሯን ለምን ወሰድክ?»

«ራሳቸው ሰጡኝ። ሙሽሪት ናት የምንላት። እኔ ፋብሪካው ውስጥ ብረት የምቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ጎማቸውን ሁሉ የማወጣላቸው እኔ ነኝ። አንዱ ጎማዋ ይነካል፣ አስተካክለህ አምጣልኝ አሉኝ።»

«ያየ ሰው አለ?»

«እሳቸው።»

ዘገዬ ሲጋራ ሰጠው። ራህመቶ ከጆሮው ኋላ አኖረው። «አሳየች ታጨሳለህ ብላ ትቆጣለች» አለ። አሳየች ሚስቱ ናት፤ ይህን ሲል እሷ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ከውጭ በር ላይ እንደተቀመጠች አላወቀም።

«ስንት ሆናችሁ ነው ይሄን የምትሠሩት?»

«ሦስት። ጋሽ ገብረኪዳን፣ እኔ፣ ጋሽ መርዳሳ። ጋሽ መርዳሳ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። እሑድ እሑድ እየተገናኘን እንጨቃጨቅ ነበር።»

«በምን?»

ራህመቶ ፈገግ አለ፤ ከሞት ጋር ተፋጥጦ ፈገግ ሲል ዘገዬ ደነገጠ። «ቆንጆዋ ማናት በሚል ነዋ። ጋሽ ገብረኪዳን ሙሽሪትን ነው። የድሮ የእንፋሎት ባቡር ናት፤ ጥቁር ሆና ወገቧ ላይ የናስ ቀበቶ አላት። ድሬዳዋ ጋራዥ ሳሉ እሷን ሲያጥቡ ነው ያረጁት። ጋሽ መርዳሳ አረንጓዴዋን ናፍጣ ይላሉ። 'የአንተ ሙሽራ ጭሷ ሰው ያሳውራል፣ የእኔዋ እንደ ጨዋ ልጅ ነው የምትሄድ' ይላሉ። ጋሽ ገብረኪዳን ደግሞ 'ጨዋ መሆኗን በምን አወቅህ፣ ድምጿ ጎርናና!' ይሏቸዋል።»

«አንተስ?»

«እኔ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የምታመላልሰውን ትንሿን ነው የምወድ። ሩቅ አትሄድም። ማታ ማታ ቤቷ ትገባለች።»

ዘገዬ አረንጓዴዋን ሎኮሞቲቭ ከቦርሳው አውጥቶ ሞላዋን ጠመዘዘና ወለሉ ላይ ለቀቃት። «አስቁማት» አለው።

ራህመቶ በአንድ እጁ ብድግ አደረጋት፤ ገልብጦ ጎማዎቿን በጣቱ እያዞረ ተመለከተ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ያለውን ትንሽ ሰው አየ። «ይችን አላየኋትም ነበር» አለ። «ደብቀው ነው የሠሯት። ማን ነው ይሄ?»

«እኔም ያን ነው የምጠይቀው» አለ ዘገዬ።

የወንጂው አውቶቡስ አምልጦት አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለ ሻይ ቤት እንዳደረ ራህመቶ ተናገረ። ገና ሳይመሽ ነው የገባው፤ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሸዋወርቅ አጎዛ አንጥፋለታለች። ዘገዬ ወዲያው ሄደ። ሴትዮዋ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

«እኔ ማንንም አላሳደርኩም።»

«እመት፣ ሰው ሊሞት ነው።»

«እሱ እንደሆን ሞቷል ልጄ። እኔ ደግሞ አልሞትኩም።» ብርጭቆውን ደፋችው። «ጠዋት አስፋው መጥቶ ነበር። አሳድረሽዋል ወይ አለኝ። የለም አልኩት። አንዴ የለም ካልኩ የለም ነው።»

ጥግ ላይ አጎዛው ተጠቅሎ ቆሟል። ሁለቱም አዩት፤ ሴትዮዋ ሌላ ብርጭቆ አነሳች።

* * *

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ሻምበል አለማየሁ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ዘገዬ ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ይጠላቸዋል።

«ቀበሌው ስጡን እያለ ነው» አሉ። «ፖለቲካ ነው ይላሉ።»

«ለቀበሌ ከሰጡት ማታውኑ ይረሽኑታል፣ ጌታዬ። ሰውዬው አልገደለም። ገዳዩ ባቡሩን አስቁሞ ሽብልቅ ያደረገለት ሰው ነው።»

ሻምበሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ይሄን ነው ለአብዮት ጥበቃ የምነግርልህ? መጫወቻ ባቡር በመፋቂያ ቆመ ብዬ?»

«ጊዜ ይስጡኝ።»

«እስከ ቅዳሜ» አሉ ሻምበሉ። «እስከ ቅዳሜ እይዝልሃለሁ።»

ዘገዬ መጀመሪያ የጠረጠረው፣ ያው እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ አብዮት ጥበቃዎቹን ነው። ሽማግሌውን ያስፈራሩት እነርሱ፣ ጩኸቱ ጋ ቀድመው የደረሱት እነርሱ። ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዶ የአስፋውን ጭፍሮች አገኛቸው። ሰዓት እላፊ ሳይገባ የት ነበራችሁ ሲላቸው ስብሰባ ላይ ነበርን አሉ፤ የተሰበሰበው ሕዝብም እስኪሰለቸው አይቷቸዋል። ዘገዬ ጠረጴዛቸው ላይ አረንጓዴዋን ለቀቃትና «አስቁሟት» አለ። አንደኛው ከላይ ቀልቦ አነሳት። ደግሞ ለቀቃት፤ ሌላው በጎን መትቶ ገለበጣት። ውጭ ወጥቶ ገመዳን ፈተነው፤ ገመዳም ብድግ አደረጋት።

«ሁሉም ሰው ያነሳታል፣ ጌታዬ» አለ ገመዳ። «መጫወቻ አይደለች?»

«ለዚያ ሰው ግን መጫወቻ አልነበረችም።»

በባቡር ጣቢያው በኩል ሲመለሱ ሃዲዱ ባዶ ነበር። ጦርነቱ ከአዋሽ ማዶ መንገዱን ከቆረጠው ወዲህ ባቡር እንደ ዘመድ እንግዳ በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣ። ሠራተኞች አንድ ፉርጎ እየገፉ ወደ ዳር ያስጠጋሉ። ፉርጎው ቁልቁለቷን ሲይዝ አንዱ ከፊት ሮጦ አለፈና እንጨት ከጎማው ሥር ጣለ። ፉርጎው እንጨቱን ነክቶ ቆመ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አላየውም፤ እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄደ።

ዘገዬ ባለበት ቆመ። «ገመዳ፣ ባቡር ነጂው ሽማግሌ የት ነው ያሉት?»

«አቶ መርዳሳ? እሳቸው እኮ ሐዘን ላይ ናቸው። ልጃቸው ሞቷል። ከቤት አይወጡም።»

ዘገዬም ይህን ሰምቶ ነበር፤ ስለዚህም ነው እስካሁን ያልሄደው። ሐዘን የተቀመጠን ሰው «ያን ማታ የት ነበርክ?» የሚል መርማሪ በዚያ አገር አልተወለደም። ሐዘንተኛ የት ይሆናል? ፍራሹ ላይ ነዋ።

መጀመሪያ በላይነሽ ጋ ጎራ አለ። ወንድሟን ቀብራ መመለሷ ነበር።

«ከአቶ መርዳሳ ጋር ተጣልተው ነበር እንዴ?»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «አያድርስ ነው፣ ልጄ። እንደ ወንድም ነበሩ። ግን ጋሼ የጫላን ለቅሶ አልደረሰም። የመርዳሳ ልጅ ጫላ እሱም ባቡር ነጂ ነበር፤ ወታደር ጭኖ ሲሄድ ከነባቡሩ ድልድይ ተሰበረበት። ሬሳው እንኳ አልመጣም። ናዝሬት ግልብጥ ብሎ ለቅሶ ሲወጣ ጋሼ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። 'ኧረ ነውር ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ ተነስና ሂድ' ብለው፣ 'ሳልጨርስ አልሄድም' ይለኛል። ድንኳኑ ተነሳ፤ እሱ አልሄደም። በሞቱ ሳይሆን በዚያ ነው የማፍረው።»

«ምኑን ሳይጨርሱ?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ? ብረቱን ነዋ።»

* * *

የአቶ መርዳሳ ቤት ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ድንኳን የተተከለበት ጉድጓድ ግቢው ውስጥ ገና አልተደፈነም። ገመዳ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ቀድሞ ገባ። ሽማግሌው ራሳቸውን ተላጭተው፣ ጋቢ ለብሰው፣ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው የአንድ ኮፍያ ያደረገ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ወጣቱ ክንዱን በባቡር መስኮት አውጥቶ ይስቃል። አፋቸው ውስጥ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ ተሰብሮ ያጠረ።

ዘገዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ ፍራሹ ዳር ተቀመጠ።  ነገሩን ያነሱት ሽማግሌው ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ዘረጉለት። ሁለት ጣታቸው ጫፉ አረንጓዴ ነው።

«ቀለሙ አልለቅ አለኝ» አሉ። «ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ ስል ምነው ቆያችሁ?»

«እንዴት ሆነ፣ አባባ?»

«ገብሬ ለቅሶ አልመጣም። የከተማው ሰው ሁሉ መጣ፣ የማላውቀው ሁሉ መጣ። እሱን በር በሩን እያየሁ ጠበቅሁት። ድንኳኑም ተነሳ። ልሰድበው ሄድኩ። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም፤ እኔ ግን በጓሮ ወጥቼ ሄድኩ። በሩን ሲከፍትልኝ ይስቃል! 'በባዶ እጄ ምን ብዬ እመጣለሁ፣ ገና አሁን ጨረስኩ' አለኝና ጠረጴዛው ጋ አቆመኝ። የልጄን ባቡር ሠርቶልኛል። ቁጥሯ ሳይቀር። መስኮቷ ላይ ጫላን አስቀምጦታል። እንደዚያ ነበር ክንዱን የሚያወጣው፤ አቧራ ይገባብሃል ብለው አይሰማኝም።»

መፋቂያውን ከአፋቸው አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት።

«ጠምዝዞ ለቀቃት። ቁልቁለቱን ወረደች። ወደ ድልድዩ! 'አስቁም' አልኩት። 'ቆይ፣ እያት ብቻ' ብሎ በክንዱ ደረቴን ከለከለኝ። 'ገብሬ አስቁም፣ ልጄ ነው' አልኩት። 'ቆይ እንጂ' ይለኛል። ገፋሁት። ሲወድቅ እንኳ አላየሁትም፤ ዓይኔ ባቡሩ ላይ ነበር። ያዝኳት። ሽብልቅ ስፈልግ አጣሁ፤ መፋቂያዬን ሰብሬ ከጎማዋ ሥር አደረግሁ። ከዚያ፣ 'ይኸው፣ ቆመ' ልለው ዞርኩ።»

ጓዳ ውስጥ የነበሩት ባለቤታቸው ማልቀስ ጀመሩ። ገመዳ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ውጭ ወጣ። ዘገዬ መናገር የማይገባውን፣ መርማሪ ለተጠርጣሪ የማይናገረውን ነገር ተናገረ።

«ሽብልቁን እኔ ነቀልኩት፣ አባባ።»

«ከዚያስ?»

«ተሻገረ።»

«ድልድዩን?»

«ድልድዩን። ማዶ ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ነው የቆመው።»

አቶ መርዳሳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ያን ሊያሳየኝ ነበር» አሉ ከውስጥ። «ያን ሊያሳየኝ ነበር እኮ። ጓደኛዬን።»

ሲረጋጉ ዓይናቸውን ጠርገው ጫማቸውን ፈለጉ። «እንሂድ። ለራህመቶ ግን እናንተ ንገሩት። እኔ ፊቱን አላይም። ገብሬን እንደ አባት ነበር የሚያየው።»

«ራህመቶ በዚህ ነገር ታስሯል፣ አባባ። እሱ ገደለ ተብሎ።»

ሽማግሌው ጫማቸውን ጣሉት። «እኔ እያለሁ?» ብለው በባዶ እግራቸው ቀድመው ከቤት ወጡ። ገመዳና ዘገዬ እየሮጡ ነው የደረሱባቸው።

ቀኑ ዓርብ ነበር።

* * *

በመንገድ ላይ ዘገዬ ተስፋ አድርጎ ነበር። ይህን በኋላ ሲያስበው በራሱ ይስቅ ጀመር፤ በዚያ ዓመት ተስፋ ማድረግ ልጅነት ነው። ሽማግሌውን አስይዞ፣ ቃላቸውን ተቀብሎ፣ ራህመቶን በር ድረስ ሸኝቶ ለአሳየች «ይኸው ባልሽ» ሲላት ታይቶት ነበር። ምሳ ዕቃው ሳይቀር ታይቶት ነበር።

ሻምበል አለማየሁ ቀና ብለው አላዩትም።

«ገዳዩን አምጥቻለሁ፣ ጌታዬ። አምነዋል። ጣታቸው ላይ ቀለሙ አለ፣ የመፋቂያው ግማሽ...»

«ዘገዬ።»

«ራህመቶን እንፍታው።»

«ዘገዬ፣ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «እስከ ቅዳሜ ብለውኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር። ትናንት ማታ መጡ። አስፋው ብቻውን አልነበረም፤ ከበላይም ሰው አብሮት ነበር። ደረሰኝ ስጡኝ አልኩ፣ ሰጡኝ። ፈርሜ ሰጠኋቸው።» ሻምበሉ መሳቢያቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። «በአሰላ መንገድ ነው አሉ። ደረቱ ላይ 'ሃዲዳችንን ሊያፈርስ ሲያሴር የተያዘ' የሚል አለ።»

ዘገዬ ስለ ትንሿ ባቡር አሰበ፤ ማታ ማታ ቤቷ ስለምትገባው። እንባው መጣ። አልደበቀውም።

«እሺ፣ ውጭ ያሉት ሽማግሌስ?» አለ በመጨረሻ።

«ወደ ቤታቸው ሸኛቸው።»

«ሰው ገድለዋል እኮ!»

«ፋይሉ ተዘግቷል። ለአንድ ሟች አንድ ገዳይ ነው። እኒህን ሰውዬ ከያዝኩ፣ ያኛው ምን አድርጎ ነው የሞተው ልበል? ለማንስ ነው የምለው? አብዮታዊ እርምጃ ተሳሳተ ብዬ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «አንተንም እኔንም ነው የሚጨርሱን። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሸኛቸው።»

ዘገዬ ለአቶ መርዳሳ ሁሉንም ነገራቸው። መደበቅ ይችል ነበር፤ ግን በዚያ ቤት እውነት የሚባል ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ይነገር ብሎ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉለት፣ ካቴና እንዲያደርግላቸው።

«እሰረኝ፣ ልጄ።»

«አልችልም፣ አባባ።»

«ሁለት ሰው ገድዬ የት ልግባ?»

* * *

በማግስቱ ጠዋት አቶ መርዳሳ ጋቢያቸውን አጥፈው ይዘው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ተገኙ። ዘበኛው መለሳቸው፤ በሩ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በሚቀጥለውም ቀን መጡ። በሚቀጥለውም። ፖሊሶቹ «በልጃቸው ሐዘን አእምሯቸው ተነክቶ ነው» እየተባባሉ ማለፍ ለመዱ። ዘገዬ አሥሬ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ አሥሬ ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ የሽማግሌው ቃል አለ። በገዛ እጁ የጻፈው፣ ማንም የማይቀበለው።

አሳየችም መምጣቷን አላቆመችም። ማንም «ሞቷል» አላላትም፤ «ተዛውሯል» ነው የተባለችው። ወዴት ስትል መልስ የለም። ከወንጂ በጠዋቱ አውቶቡስ ትመጣለች፣ ምሳ ዕቃዋን ለዘበኛው ታቀብላለች፣ ዘበኛው ይመልስላታል፣ አትሄድም። ከሽማግሌው ድንጋይ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲከር ዘገዬ በመስኮቱ ቁልቁል ሲያይ የሁለቱ ንግግር ተሰማው።

«እርስዎም ሰው አለብዎት እዚህ ውስጥ፣ አባባ?»

አቶ መርዳሳ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አዎን ይሁን የለም አይታወቅም።

«ስመጣ አገኝዎታለሁ፣ ስሄድ ይቀመጣሉ። እህል ሲቀምሱ አላየሁም።» ምሳ ዕቃውን ከፈተች። «ለባለቤቴ ያመጣሁት ነው። አንቀበልም አሉኝ። ይዤው ከምመለስ ይቅመሱልኝ።»

«አይሆንም፣ ልጄ።»

«በሞቴ።»

«ተይ ልጄ፣ እኔ...»

«በራህመቶ ሞት! ይሄን ያህል መንገድ ያመጣሁትን አፈር አያልብሱት።»

ጠቀለለችና ጉርሻውን አፋቸው ድረስ አመጣችላቸው፤ እጇ ከከንፈራቸው ፊት ቆመ። ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ ዘገዬ መስኮት አዩ፤ አስቁመኝ የሚሉ ይመስል። ዘገዬ ምንም ማድረግ አልቻለም። ተቀበሉ። አኘኩ፣ ብዙ አኘኩ፤ ሊውጡት ግን አልቻሉም፤ እንባቸው በተላጨ ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«አይዞዎት» አለች አሳየች፣ ሁለተኛውን እየጠቀለለች። «ይፈቱልን ይሆናል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»